ለአብራሪው የደረሰው ማስጠንቀቂያ ለአርብቶ አደሩም ይድረስ



ኅዳር 14 ቀን 2018 በአፋር የሚገኘው ሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ፈነዳ። አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በየመንና በዖማን በኩል እስከ ፓኪስታንና ህንድ ሰማይ ደረሰ። የአመዱን መንገድ በሳተላይት ተከታትሎ አብራሪዎችን ያስጠነቀቀው በፈረንሳይ ቱሉዝ ያለው ማዕከል ነው። በረራዎች ተሰረዙ፤ ተሳፋሪ ከአደጋ ተጠበቀ። አልሐምዱሊላህ!

አፍዴራ ላይ ግን ግጦሹ አመድ ለበሰ፤ ከብቱ የሚበላው አጣ። ለአብራሪው የተነገረውን ለፍየል ጠባቂው ማን ይንገረው?

በመስከረም 1998 በዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ያህል መሬት ሲሰነጠቅ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን ከውጭ አገር ባልደረቦቻቸው ጋር አጥንተውታል። ይህ ትብብር ኸይር ነው። ዕውቀት ግን አማና ነው፤ በእንግሊዝኛ ጥናት ውስጥ ብቻ ከቀረ ለባለቤቱ አልደረሰም። አፋሮች ወሬ ከሰው ሰው የሚያደርሱበት ዳጉ አላቸው። ማስጠንቀቂያው በአፋርኛ ተዘጋጅቶ በዳጉና በመስጂድ ድምፅ ማጉያ ይነገር።

«ቀደር ነው» ብሎ መቀመጥ ተወኩል አይደለም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ስለ ግመሉ የጠየቃቸውን ሰው መጀመሪያ አስሮ ከዚያ በአላህ እንዲመካ አዘዙት። ሳይንቲስቶቹ ይመርምሩ፤ እኛ ኢማሞችና ኡስታዞች ደግሞ ጠርተን እንጠይቃቸው፣ ለሕዝባችንም እናድርስ። ሰበቡን ማድረስ የኛ ነው፤ ጥበቃው የአላህ ነው።

ወላሁ አዕለም።