ለልጁስ መርዶውን ማን ይንገረው?

ገና ጎሕ ሳይቀድ በርዎ ይንኳኳል። ዘመድ፣ ጎረቤትና የእድር ሰው ተሰብስቦ ይገባና ቢቸና ያሉት እናትዎ ማረፋቸውን ያረዳዎታል። ባህላችን ለትልቅ ሰው ይጠነቀቃል፤ መርዶ የሚነገረው ደጋፊ ባለበት ነው።

የአምስት ዓመት ልጅዎስ? በጩኸቱ ደንግጦ ሲነሣ ጎረቤት ቤት ይወሰዳል። "አያትህ ሩቅ አገር ሄዳለች" ይሉታል። እርስዎ በደጀን በኩል ቢቸና ይደርሳሉ፤ ከሞጣ ከመጡት አክስቶችዎ ጋር አልቅሰው ይወጣልዎታል። ጥቁር ለብሰው ቤትዎ ሲመለሱ ግን ልጁ በር ላይ ይጠብቅዎታል፦ "አያቴ መቼ ነው የምትመጣው?"

ማሪያ ናጊ የተባለች ሃንጋሪያዊት ተመራማሪ በ1948 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት፣ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ሞትን እንደ ጉዞ ወይም እንደ እንቅልፍ እንደሚያዩት ገልጻለች። እንግዲህ "ሄደች" ስንለው መመለሷን ይጠብቃል፤ "ተኝታለች" ስንለው መኝታውን ሊፈራ ይችላል።

ስለዚህ ለልጅዎም መርዶ ይንገሩት። አቀፍ አድርገው በአጭሩ፦ "አያትህ ሞታለች። ሰውነቷ መሥራት አቁሟል። ከእንግዲህ አትተነፍስም፣ አያማትም፣ ተመልሳም አትመጣም።" ሃይማኖትዎ ስለ ነፍስ የሚያስተምረውን ከዚህ በኋላ ይጨምሩበት። "ስላስቸገርኳት ይሆን?" ብሎ ሊያስብ ይችላልና የእሱ ጥፋት እንዳልሆነ ይንገሩት። ነገም መልሶ ቢጠይቅ አይቆጡት፤ መልሱ ያው ይሁን።

ለቅሶ ቤት ይዘውት የሚሄዱ ከሆነ የሚያየውን አስቀድመው ይንገሩት፦ "ሰዎች ይጮኻሉ፣ ደረታቸውን ይመታሉ፤ ስላዘኑ ነው።" እርስዎ ሲያለቅሱ የሚይዘው፣ ሲደክመውም ይዞት የሚወጣ አንድ የተረጋጋ ዘመድ ይመድቡለት። ወጥቶ ቢጫወት ረሳ ማለት አይደለም፤ ልጅ ኀዘኑን የሚወጣው ጥቂት ጥቂት እያለ ነው። ለአርባው ተዝካር ዳቦ ያድል፤ የራሱ ድርሻ ይኑረው።

ትምህርት ቤት ሲመለስ የክፍል መምህሩ ይወቁ። ትልቁ ተማሪ ልጅዎ ዝም ካለ ጠንክሯል ብለው አይለፉት፤ ውጤቱ ሲወርድ ወይም በትንሹ በትልቁ ሲቆጣ ኀዘኑ ሊሆን ይችላል። እንቅልፍ ማጣቱ፣ ምግብ መጥላቱ ወይም ትምህርት ቤት አልሄድም ማለቱ ለሳምንታት ከዘለቀ ባለሙያ ያማክሩ።

"አያቴ መቼ ነው የምትመጣው?" ሲልዎ እንባዎን አይደብቁት። "አትመጣም ልጄ። እኔም ናፍቃኛለች" ይበሉት። ከዚያ ፎቶዋን አውጥተው አብራችሁ እዩት።