ባትሪና የደሴ ዳገት

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ የኤሌክትሪክ መኪና ወግ ሁሉ የአዲስ አበባ ወግ ሆኗል። እኔ ግን ጉዳዩን ከሐይቅ ሆኜ ነው የማየው። ከዚህ እስከ ደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም፣ መንገዱ ከ500 ሜትር በላይ ሽቅብ ያስወጣል። 3 ቶን የሚመዝን ሚኒባስ ለዚህ ከፍታ ብቻ ከባትሪው 4 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይከፍላል፤ ሲመለስ ግን ቁልቁለቱ ሞተሩን ጄኔሬተር አድርጎ ከፊሉን ይመልስለታል። ናፍጣ እንዲህ ያለ ውለታ አያውቅም! ኮባልት የማይሻው የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪም ዋጋውን አቅልሎታል። እንግዲህ ዳገቱ አያስፈራኝም። የሚያስፈራኝ አብዛኛው የቻርጅ ጣቢያ በመዲናዋ መከማቸቱ ነው። ምጥ የያዛትን እናት በሌሊት ደሴ የሚያደርሰው ሚኒባስ ነውና፣ ጣቢያው ከባለጸጋ ግቢ አስቀድሞ በመናኸሪያችን ይተከል እላለሁ።