ማመልከቻው ከተመራ በኋላ

እ.ኤ.አ. በ2014 ሁለት ስኮትላንዳውያን ሴቶች ኤድንብራ ላለው ፓርላማቸው አቤቱታ አስገቡ። ሽንት አልቋጠር ላላቸውና ማሕፀናቸው ለወረደ ሴቶች መፍትሔ ተብሎ በቀዶ ሕክምና የሚገባው የፕላስቲክ መረብ ብዙዎችን ለማያባራ ሕመም ዳርጓል፤ ቆመው መሄድ ያቃታቸውም ነበሩ። የጠየቁት ግልጽ ነው፦ መረቡን መጠቀም ይቁም፣ ጉዳዩ በገለልተኛ አካል ይጣራ፣ ሐኪሞች የሚያዩትን ጉዳት የማሳወቅ ግዴታ ይኑርባቸው። አቤቱታው 1517 የሚል ቁጥር ተሰጠው።

ያ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ1999 ሥራ ከጀመረ ወዲህ የሕዝብ አቤቱታ የሚያይ ኮሚቴ አለው። ለማመልከት የአንድ ሰው ፊርማ ይበቃል። ኮሚቴው መንግሥትን ይህን አድርግ ብሎ የማዘዝ ሥልጣን የለውም፤ ሥራው መጠየቅ ነው። ለሚኒስትሩ፣ ለሆስፒታል ኃላፊዎች፣ ለሙያ ማኅበራት ይጽፋል፤ መልሳቸውን ማንም ሊያነበው በሚችልበት ቦታ ያወጣል። እኔ ትልቁን ቦታ የምሰጠው ግን ከዚያ ለሚቀጥለው እርምጃ ነው። የመጣው መልስ ወደ አመልካቹ ይመለሳል፦ «እንዲህ ብለዋል፤ አንተስ ምን ትላለህ?» ተብሎ ይጠየቃል። ባለሥልጣን መልስ ስለ ሰጠ ብቻ ጉዳዩ አይዘጋም።

ሁለቱ ሴቶች በሰኔ ወር በግልጽ ስብሰባ ተሰሙ። በዚያው ወር የጤና ሚኒስትሩ አሌክስ ኒል ሆስፒታሎች ቀዶ ሕክምናውን ለጊዜው እንዲያቆሙ ጠየቁ። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ረጅምና አድካሚ ነበር። የማጣራቱ ሪፖርት እ.ኤ.አ. በ2017 ሲወጣ ተጎጂዎቹን አሳዘነ፤ በአጣሪ ቡድኑ ውስጥ የነበሩት የታካሚ ተወካዮች ሪፖርቱ ሳይወጣ ራሳቸውን አግልለው ነበር። በብዙ አገር ፋይሉ የሚዘጋው እዚህ ላይ ነው፤ ጥያቄ ቀርቧል፣ ተጣርቷል፣ ሪፖርት ወጥቷል። ኮሚቴው ግን አልዘጋውም። ሪፖርቱን ያዘጋጁትን ጠርቶ ጠየቀ፤ ጉዳዩንም ለፓርላማው ጠቅላላ ክርክር አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ2018 የጤና ሚኒስትሯ ጂን ፍሪማን የመረቡ ቀዶ ሕክምና እንዲቆም አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ መረቡን በግል ሐኪም ለማስወጣት ከኪሳቸው የከፈሉ ሴቶች ገንዘባቸው እንዲመለስላቸው የሚያደርግ ሕግ ወጣ። ስምንት ዓመት ፈጀ። ለታመመ ሰው ስምንት ዓመት የዕድሜ ልክ ያህል ነው፤ ይህን አሳንሼ ማለፍ አልፈልግም።

ለንደን ያለው ትልቁ ፓርላማ ቁጥር ይቆጥራል። 10,000 ፊርማ የመንግሥትን ምላሽ ያስገኛል፤ 100,000 ሲሞላ ለክርክር ይታሰባል። እ.ኤ.አ. በ2019 ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት መውጣቷን እንድትተው የጠየቀው አቤቱታ ከ6 ሚሊዮን በላይ ፊርማ ነበረበት። ክርክር ተደረገበት፤ መንግሥት አልቀበልም አለ፤ በዚያው አበቃ። ሕዝበ ውሳኔ የተሰጠበት ጉዳይ ስለሆነ እምቢታው ላያስደንቅ ይችላል። ሆኖም ከሚሊዮኖቹ ፊርማ ይልቅ የሁለቱ ሴቶች አቤቱታ ርቆ የሄደው የሚከታተለው ኮሚቴ ስለነበረው ነው ብዬ አምናለሁ።

እኛ ዘንድ አቤቱታ አዲስ ነገር አይደለም። ከዙፋን ችሎት ዘመን ጀምሮ ደጅ ስንጠና ኖረናል፤ በ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ውስጥ እንኳ ለመንግሥት የማመልከት መብት ተጽፎ ነበር። ዛሬም የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 ከሰላማዊ ሰልፍ ጎን አቤቱታ የማቅረብን መብት አስፍሮታል። የአንቀጹ የመጀመሪያ ግማሽ ብዙ ሲያከራክር ሁለተኛውን የሚያነሣው ሰው ጥቂት ነው። ባለጉዳዩ ራፖር ጸሐፊ ዘንድ ቁጭ ብሎ ያስጽፋል፤ ከግርጌው ግልባጭ ለእገሌ፣ ግልባጭ ለእገሌ እየተባለ የመሥሪያ ቤት ስም ይደረደራል። ሁሉም ዘንድ ይደርሳል፤ ሁሉም ዘንድ ግልባጭ ስለሆነ ግን ዋናው ጉዳይ የማን እንደሆነ አይታወቅም። በራስጌው ላይ «ለሚመለከተው» ተብሎ ይመራል፤ ሰውየውም «ተመርቷል» ተብሎ ይሸኛል።

እንባ ጠባቂ ተቋም አለ የሚለኝ ይኖራል። እውነት ነው፤ ከ1992 ዓ.ም. አዋጅ ጀምሮ ተቋሙ የአስተዳደር በደልን ይመረምራል። ግን በአንድ ሰው ላይ የተፈጸመ በደልና ሕጉ ራሱ የሚያደርሰው በደል ይለያያሉ። መሬቱ ለልማት የሚወሰድበትን ገበሬ አስቡት። በ1997 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 455 መሠረት የመፈናቀያ ካሳው የዓመት ገቢው 10 እጥፍ ነበር፤ 15 እጥፍ ያደረገው አዋጅ ቁጥር 1161 የወጣው በ2011 ዓ.ም. ነው። በእነዚያ 14 ዓመታት ካሳው አነሰኝ ላለ ገበሬ የወረዳው ሹም ስሌቱን ደግሞ ከማየት በቀር ምን ሊያደርግለት ይችል ነበር? ስሌቱ በአዋጁ መሠረት ትክክል ነው። ችግሩ አዋጁ ላይ ከሆነ መስማት ያለበት አዋጁን ያወጣው ምክር ቤት ነው። እንዲህ ያለውን አቤቱታ አንድ በአንድ ሳይሆን ጎን ለጎን አድርጎ የሚያነብ ሰው፣ ደጋግሞ የሚመጣው ቅሬታ ከየትኛው አንቀጽ እንደሚነሣ ሳይቸገር ያገኘዋል።

ከሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የምፈልገው ይህን ነው። ለየአቤቱታው ባለጉዳዩ የሚከታተልበት ቁጥር ይሰጥ፤ ሕግን የሚመለከተው አቤቱታ በግልጽ ስብሰባ ይሰማ፤ ሚኒስቴሩ የጻፈው መልስ ለአመልካቹ ደርሶ፣ እሱም ሐሳቡን ሳይሰጥበት መዝገቡ አይዘጋ። አመልካቹ የፊርማ ብዛት አይጠየቅ። አማርኛ የማይችል ሰው በቋንቋው ያመልክት፤ መጻፍ የማይችልም በቃሉ ተናግሮ ይጻፍለት። ለዚህ ሁሉ አዲስ አዋጅ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ምክር ቤቱ የራሱን አሠራር በራሱ ደንብ እንዲወስን የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 59 ሥልጣን ሰጥቶታል።