የሚያስቅ ነገር የለውም
ስለ ወንድ ጡት ማደግ፣ ስለ ሆርሞንና ስለ ቀዶ ጥገናው

ባለፈው ዓመት የሕብረታችን አባላት ለእግር ኳስ በሁለት ቡድን ስንከፈል መለያ ልብስ ስላልነበረን አንደኛው ወገን ሸሚዙን እንዲያወልቅ ተወሰነ። ከመካከላችን አንድ ወንድማችን አላወልቅም አለ። ምክንያቱ ሲታወቅ ሳቅ ሆነ፤ ከሳቁም ቅጽል ስም ወጣ። ያ ወንድም ከዚያ ወዲህ ሜዳ አልመጣም፤ ቆይቶም ከስብሰባ ቀረ። ሕክምና የምንማር አባላት በዚያ ሜዳ ነበርን። ነገሩ ምን እንደሆነ ከመጽሐፍ አንብበን ፈተና ወስደንበታል፤ ግን ዝም አልን፤ አንዳንዶቻችንም አብረን ሳቅን። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ የሚጀምረው በግለ ሂስ ነው።

በመሠረቱ የወንድ አካል ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን የሌለው አይደለም። ወንዱም ሴቷም ሁለቱም ሆርሞኖች አሏቸው፤ ልዩነቱ የመጠን ነው። የወንዱ ቴስቶስተሮን ሲቀንስ ወይም ኤስትሮጅኑ ሲበዛ ሚዛኑ ይዛባል፤ በጡት ጫፍ ሥር ያለው ዕጢም ያድጋል። ሕክምናው ይህን ጋይኔኮማስቲያ ይለዋል። በጉርምስና ወቅት፣ በተለይም በ13ና በ14 ዓመት ግድም፣ ከወንድ ልጆች ግማሽ ያህሉ ላይ ይታያል፤ አብዛኛውም በሁለት ዓመት ውስጥ በራሱ ይጠፋል። እንግዲህ ከሳቅነው መካከል ስንቶቻችን በዚያ ዕድሜ እናታችን እንዳታይብን ደረታችንን ሸፍነን እንደነበር እያንዳንዳችን እናውቃለን።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ያሻል። አንደኛው ስብ ነው፤ ሲዳሰስ ለስላሳ ነው፤ ከሰውነት ክብደት ጋር አብሮ ይጨምራል፣ ይቀንሳል። ሁለተኛው ዕጢ ነው፤ ከጡት ጫፍ ሥር እንደ ሳንቲም ክብና ጠንከር ያለ ሆኖ ይዳሰሳል፤ አንዳንዴም ያማል። ብዙ ጊዜ ሁለቱ ተደባልቀው ይገኛሉ። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ስብ ዝም ብሎ የተቀመጠ ጭነት ሳይሆን አሮማቴዝ በተባለ ኢንዛይም አማካይነት ቴስቶስተሮንን ወደ ኤስትሮጅን የሚለውጥ ሥራ የሚሠራ አካል ነውና።

በዚህም የተነሳ በየስፖርት ቤቱ የሚነገረው ወሬ ትክክል አይደለም። ደረትን በማሠራት የደረት ስብ ብቻ ተለይቶ አይቀልጥም፤ ሰውነት ስብ የሚቀንሰው በጠቅላላው ነው፤ የትኛው ቦታ ቀድሞ እንደሚቀንስም ዘርና ሆርሞን እንጂ እኛ አንወስንም። ዕጢው ደግሞ ከነአካቴው በስፖርት አይጠፋም። ከሁሉ የከፋው ግን ለጡንቻ ተብሎ በድብቅ የሚሸጠው መርፌ ነው። ከውጭ የገባ ቴስቶስተሮን ከፊሉ ወደ ኤስትሮጅን ይለወጣል፤ የዘር ፍሬም ሥራውን አቁሞ ይሟሽሻል። ያ የሳቅንበት ወንድም የሁለት ወር የኪስ ገንዘቡን ያፈሰሰው በዚህ መርፌ ላይ ነበር። ሊያጠፋው የገዛው መድኃኒት ያንኑ አባሰበት። ይህን የምንጽፈው ፈቃዱን ጠይቀን ነው።

ልብ ሊባል የሚገባው ሌላው ነገር የጡት ማደግ አንዳንዴ የሌላ በሽታ ምልክት መሆኑ ነው። ጉበት ሲጠጥር፣ ኩላሊት ሲደክም፣ እንቅርት ከመጠን በላይ ሆርሞን ሲያመነጭ፣ በዘር ፍሬ ላይ ዕጢ ሲበቅል ሊመጣ ይችላል። መድኃኒትም ያመጣዋል፦ ለልብ ድካምና ለሆድ ውሃ የሚሰጠው ስፓይሮኖላክቶን፣ ለጨጓራ የሚወሰደው ሲሜቲዲን፣ በአገራችንም ለብዙ ወገኖች ለኤች አይ ቪ ሲሰጥ የቆየው ኢፋቪሬንዝ ከእነዚህ ይቆጠራሉ። በአንድ ወገን ብቻ የወጣ፣ ድንጋይ የመሰለ፣ ከጡት ጫፍ መሀል የራቀ እብጠት፣ ወይም ከጡት ጫፍ የሚወጣ ደም ከታየ ቀን ሳይሰጡ መመርመር ይገባል። የጡት ነቀርሳ ከሚይዛቸው መቶ ሰዎች አንዱ ገደማ ወንድ ነው።

ቀዶ ጥገናውስ? የቅንጦት ነው፣ የዘመኑ ፋሽን ነው የሚሉ አሉ። ነገር ግን በ7ኛው ክፍለ ዘመን በእስክንድርያ የሠራው ሐኪም የአጊናው ጳውሎስ አሠራሩን ጽፎታል፤ ከእርሱም በኋላ አንዳሉሳዊው አል ዘህራዊ በመጽሐፉ አካትቶታል። ሰው በዚህ ማፈር የጀመረው ትናንት አይደለም። ዛሬ ስቡ በቱቦ ይመጠጣል፤ ዕጢው በጡት ጫፍ ዙሪያ ካለው ጠቆር ያለ ቆዳ ጠርዝ ተቀዶ ይወጣል፤ ታካሚውም ለሳምንታት ደረቱ ታስሮ ይቆያል። ከአንድ ዓመት በላይ ለቆየና ለጠጠረ ዕጢ መድኃኒት እምብዛም ስለማይሠራ ቀዶ ጥገናው እውነተኛ መፍትሔ ነው። ሆኖም ደም ሊቋጠር፣ የጡት ጫፍ ሊደነዝዝ፣ ደረት ሊጎደጉድ ይችላል፤ እንደ እኛ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይም ያበጠ ጠባሳ የመውጣቱ ዕድል ይበልጣል። ማስታወቂያዎቹ በምሳ ሰዓት ገብቶ መውጣት ያስመስሉታል እንጂ ይህን አይናገሩም። መንስኤው ሳይታወቅ መቀደድ ደግሞ ገንዘብ ከማባከን አልፎ በሽታውን መደበቅ ነው።

አንዳንድ ወገኖች «አገር ቤት እናቶች በወሊድ፣ ሕፃናት በወባ እየሞቱ ስለ ወንድ ጡት ታወራላችሁ?» ይሉን ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሳችንም ይኸው ነው፦ የሰውን ሥቃይ በሚዛን አስቀምጠን ቀላሉን ለሳቅ ከተውነው ከባዱንም በአግባቡ አናክምም። ነገ አገራችን ገብተን ካርድ ይዘን ስንቀመጥ ያ አፍሮ ሸሚዙን የሚይዘው ልጅ ፊታችን ይቆማል። ያን ጊዜ የምንሆነው ዛሬ ሜዳ ላይ የሆንነውን ነው።

ስለዚህ አቋማችን ግልጽ ነው። አንደኛ፣ ችግሩ ያለበት ወንድም ስፖርት ቤትም ሆነ ማስታወቂያ ቤት ከመሄዱ በፊት ሐኪም ይይ፤ የደም ምርመራው ከመርፌው ይረክሳል። ሁለተኛ፣ ሕክምና የምንማር አባላት ከወንድሞቻችን ጋር ወደ ክሊኒክ አብረን ለመሄድና ለማስተርጎም ዝግጁ ነን፤ የሰማነውንም ለማንም አናወራም። ሦስተኛ፣ ሕብረቱ ከመጪው ጨዋታ በፊት ሁለት ዓይነት ቀለም ያለው መለያ ይግዛ። ዋጋው ትንሽ ነው።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እውነት ነው፤ ግን እንዲደብቀው ያደረግነው እኛ ነን። ወንድማችን ይቅርታችንን ተቀብሎ ወደ ሜዳ እንዲመለስ በዚህ ገጽ በይፋ እንጠይቀዋለን።