ሞተር ለምን ትንፋሽ ያጥረዋል?

ከሆሳዕና ባለሞተሮች አንድ ጥያቄ ይበዛል። «ቤንዚን ሞልቼም ሞተሬ ዳገት ላይ ለምን ይደክማል?» ይላሉ።

ሆሳዕና ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ በባሕር ጠረፍ ካለው አንድ አምስተኛው ያህል ይጎድላል። ሞተር ደግሞ እንደ ሰው ይተነፍሳል። 1 ኪሎ ቤንዚን በደንብ እንዲቃጠል 15 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። አየሩ ሲያንስ ቤንዚኑ ይበዛበታል። ካንዴላውን ፈታችሁ እዩ፤ ጥቁር ጥቀርሻ ከያዘ ነገሩ ይኸው ነው።

አንዳንድ ልጆች የአየር ማጣሪያውን አውጥተው ይጥሉታል። ሞተሩ ይጮኻል፤ የፈጠነም ይመስላቸዋል። ኧረ ተዉ! ወደ ዱራሜ ወይም ወደ አንጋጫ ገጠር ስትወጡ የበጋውን አቧራ ታውቁታላችሁ። ያ አቧራ ሞተሩ ውስጥ ገብቶ ፒስተኑንና ፋሻውን እንደ ሞረድ ይፍቃል። ከዚያ ሞተሩ ዘይት ማቃጠልና ሰማያዊ ጭስ ማውጣት ይጀምራል። ሰው እየጫነ ልጆቹን ለሚያሳድግ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የሞተር እድሳት የስንት ቀን ገቢ ይበላል!

ማጣሪያውን አጽዱት እንጂ አትጣሉት። ስፖንጅ ከሆነ በሳሙና አጥባችሁ አድርቁ፤ ጥቂት የሞተር ዘይት አስነክታችሁ ጨምቁት። ወረቀት ከሆነ ውሃ አይንካው፤ አራግፉት፣ ሲያረጅ ለውጡት።

ይህ ካልበቃ፣ ካርቡራተር ላለው ሞተር መካኒኩ የቤንዚን ማሳለፊያውን ቀዳዳ በጠባብ ይቀይረዋል። የጎደለውን አየር ግን ማንም አይመልሰውም። ወደ ቆላ ወርዳችሁ የምትሠሩ ከሆነም አስቀድማችሁ ንገሩት፤ እዚያ ጠባቡ ቀዳዳ ሞተሩን ያግለዋል።