«አእምሮ የለውም» የምንለው ማንን ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የ12ኛ ክፍል ውጤት በተነገረ ሰሞን በሺሺንዳ በየደጁ፣ በገበያው፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ሳይቀር አንድ አነጋገር ይደጋገማል፦ «እገሌ አእምሮ አለው፤ እገሌ ግን ጭንቅላት የለውም።» ተናጋሪው ወላጅ ነው፣ ጎረቤት ነው፤ አንዳንዴም እኛው የሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋዮች ነን። ይህ አነጋገር ስሕተት ብቻ ሳይሆን ኃጢአትም ነው ብንል አላጋነንም።

አስቀድመን ቃሉን እንመርምር። «አእምሮ» «አእመረ» (ዐወቀ) ከሚለው የግእዝ ግስ ይወጣል፤ ማወቅ፣ ዕውቀት ማለት ነው። ባልንጀራው «ልቡና» ደግሞ «ለበወ» (አስተዋለ) ከሚለው ይወጣል። አበው ነፍስ ነባቢት፣ ለባዊት፣ ሕያዊት ናት ብለው ያስተምራሉ። ስለዚህ ማስተዋል የነፍስ ጠባይ እንጂ በፈተና የሚገኝ ሽልማት አይደለም። «አእምሮ የለውም» የሚል ሰው ስለ ልጁ ውጤት የተናገረ ይመስለዋል፤ እግዚአብሔር በአርአያው የፈጠራትን ነፍስ ግን ጎዶሎ ናት ማለቱ ነው። ጌታችንም ወንድሙን ደንቆሮ ብሎ የሚሳደብን ሰው የሚጠብቀውን ፍርድ ነግሮናል (ማቴ. 5፥22)።

በ2014 ዓ.ም. ሀገር አቀፉን ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2። በእኛ ልማድ ከሄድን፣ የቀሩት ከመቶ 96 የሚበልጡ ልጆች ሁሉ አእምሮ የላቸውም ልንል ነውን?

«ልጁን ለማትጋት ብለን ነው» የሚሉ አሉ። ቅዱስ ያሬድ በሕፃንነቱ ትምህርት አልገባው ቢል አጎቱና መምህሩ ጌዴዎን ገረፈው። ግርፋቱ ከአክሱም አስኮበለለው እንጂ አላስተማረውም። የመለሰው በማይ ኪራሕ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ያየው፣ እየወደቀ እየተነሣ ከዛፉ ላይ የወጣው ትል ነው። «አይገባውም» የተባለው ሕፃን የዜማችን አባት ሆነ።

«ታዲያ የልጆች ችሎታ እኩል ነው?» ለሚለን፣ አይደለም። መክሊቱ አምስትም፣ ሁለትም፣ አንድም ሆኖ ተሰጥቷል። ባለ አንዱ የተፈረደበት ግን ጥቂት በመቀበሉ ሳይሆን የተቀበለውን በመቅበሩ ነው። ዛሬ «ጭንቅላት የለህም» እያልን የልጁን መክሊት የምንቀብረው እኛው ነን። ከረጅም ዛፍ ላይ ቀፎ ሰቅሎ ማሩን በወቅቱ የሚቆርጥ፣ የቀላውን ቡና ካልደረሰው ለይቶ የሚለቅም የካፋ ልጅ ማስተዋሉን በየዕለቱ ያሳየናል። ፈተናውን በአንደኝነት አልፎ የገበሬውን ቡና በሚዛን የሚያጭበረብረውስ? ጭንቅላት አለው ይባል ይሆናል፤ ልቡናው ግን ወዴት ነው? ሰሎሞን እንኳ ከሀብትና ከረጅም ዕድሜ ይልቅ የለመነው አስተዋይ ልብን ነው።

አረጋውያን የተሳሳተውን ልጅ «ልብ ግዛ» ይሉታል እንጂ «ልብ አልተፈጠረልህም» አይሉትም። የመጀመሪያው መንገድ ያሳያል፤ ሁለተኛው በር ይዘጋል። እንግዲህ ወላጆች፣ እኛም አገልጋዮች፣ አንደበታችንን እንጠብቅ። ላልተሳካለት ልጅ «ጭንቅላት የለህም» ማለትን ትተን «በርታ፣ ልብ በል» እንበለው።

አምላከ ቅዱስ ያሬድ አስተዋይ ልቡና ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።