ዓሣው አንድ፣ ማባያው ሦስት

ባለፈው መስከረም የወንድሜ ልጅ ከአሜሪካ መጥቶ ባሕር ዳር እኛ ቤት ሰነበተ። በ11 ዓመቱ ነው የሄደው፤ አሁን 22 ሞልቶታል። እናቴ የመምጣቱን ወሬ ከሰማች ጀምሮ አንድ ነገር ብቻ ነበር የምታወራው። «ልጄ ዓሣ ይወዳል፤ እጄን ሳላስቀምሰውማ አይሄድም!»

እሑድ ጠዋት ቀረሶውን ራሷ ተልትላ፣ በሎሚና በጨው አሽታ፣ ዱቄት ነስንሳ ጠበሰችው። ማዕዱ ቀረበ። የመጀመሪያውን ጉርሻ ጠቅልላ እጇን ስትዘረጋ ልጁ በትሕትና፣ «እማማ፣ ዳቦ አለ? በሳንድዊች አድርጌ ብበላው ይሻለኛል። ሶሱን እኔ እሠራዋለሁ» አላት።

ጉርሻው ተመልሶ ትሪው ላይ ተቀመጠ። ልጁ ጓዳ ገብቶ ካቻፕ፣ አቼቶና ስኳር ሲያዋህድ እናቴ በበሩ አሻግራ አየችው። «ስኳር? ለዓሣ?» አለች። ከዚያ በኋላ ምንም አልተናገረች፤ «ሆዴን አሞኛል» ብላ ገብታ ተኛች። እናት ያላችሁ ሁሉ ታውቃላችሁ፤ ሆዷን አላመማትም፣ ሆድ ባሳት እንጂ።

ማታ ልጁን ለብቻው ይዤ ተቆጣሁት። ከትልቅ ሰው እጅ ጉርሻ እንደማይመለስ ነገርኩት። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝና፣ «አክስቴ፣ አጥንቱን ፈርቼ ነው» አለኝ። በስምንት ዓመቱ፣ እዚሁ ቤት፣ የዓሣ አጥንት ጉሮሮው ላይ ተሰንቅሮበት ነበር። እኔ ረስቼዋለሁ፤ እሱ ግን አልረሳውም። ያን ዕለት በጥድፊያ ደረቅ እንጀራ አጉርሰን ነበር አጥንቱን የገፋነው፤ ዛሬ ሐኪሞች እንዲህ አታድርጉ፣ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱ ይላሉ። ከዚያ ወዲህ ዓሣ የሚበላው አጥንት የሌለውን ብቻ፣ እሱንም በጣቱ ዳብሶ ዳቦ ውስጥ እያስገባ ነው። እናቴ የምታስታውሰው የሚወደውን ምግብ ነው፤ እሱ የሚያስታውሰው አጥንቱን።

ስለ ሶሱም ጠየቅሁት። በአሜሪካ ደቡብ በፍም ላይ የበሰለ ሥጋ በዳቦ መብላት፣ ባርቤኪው የሚሉት፣ እንደ እኛ ዶሮ ወጥ ክርክር ያለበት ነገር ነው አለኝ። በሰሜን ካሮላይና ምሥራቁ ክፍል በአቼቶና በሚጥሚጣ መሰል በርበሬ ያጣጥሙታል። በካንሳስ ሲቲ ቲማቲም ያለበት ጣፋጭ ሶስ ይወዳሉ። በቴክሳስ ብዙዎች ሥጋው ራሱ ከጣፈጠ ሶስ ምን ያደርጋል ይላሉ። በደቡብ ካሮላይና ደግሞ ሶሱ የሚሠራው ከሰናፍጭ ነው።

ሰናፍጭ ሲል ቀና አልኩ። እናቴ ጓዳ ውስጥ፣ ክዳኑ ጠበቅ ተደርጎ የተቀመጠው ማሰሮ ምን ሆነና!

ለነገሩ እኛስ መቼ ተስማምተን እናውቃለን? በዚህችው ከተማ አንዱ የዓሣ ጥብስ በሎሚና በሚጥሚጣ ካልሆነ አይነካም፤ ሌላው አዋዜ ይላል፤ ሌላው ዱለት። አምባዛማ ጭራሽ አይነሳ። ጎረቤታችን ከእሱ የሚጣፍጥ የለም ትላለች፤ እናቴ ግን ቅርፊት ስለሌለው በኦሪት ሕግ አይበላም ብላ ማድቤቷ አስገብታው አታውቅም። ሁለቱ ግን በየቀኑ ቡና አብረው ይጠጣሉ። አንዷ የሌላዋን ምክንያት ስለምታውቅ ቅያሜ የለም። እኛ ቤት የጎደለው ይኸው ነበር፤ እናቴ የልጁን ምክንያት አላወቀችም።

ነገርኳት። ዝም ብላ ቆየችና፣ «ታዲያ ይህን ብሎ አይነግረኝም ኖሯል?» አለች።

በሚቀጥለው እሑድ እንደገና ሞከርን። ጠዋት ከልጁ ጋር ወደ ሐይቁ ወረድን። ሁለት ምክር ልስጣችሁ። ለዳቦ የሚሆነው ቀረሶ ነው፤ አጥንቱ ትልልቅ ስለሆነ ፊሌቶ ለማውጣት ይመቻል። ነጭ ዓሣ ግን በሥጋው መሐል የተሰገሰገ ቀጫጭን አጥንት አለው፤ ልጆችና አረጋውያን ባሉበት ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሁለተኛው ምክር ስለ ወቅቱ ነው። በጣና ነጭ ዓሣ የምንላቸው 15 ገደማ ዝርያዎች ናቸው፤ አብዛኞቹ ከዚህ ሐይቅ በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኙም። ከእነዚህ ብዙዎቹ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ዕንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራና ርብ ወደመሳሰሉት ወንዞች ይወጣሉ። መረብ ወንዝ አፍ ላይ የሚጠብቃቸው ያን ጊዜ ስለሆነ ቁጥራቸው ተመናምኗል። በእነዚህ ወራት ቀረሶ ብንገዛ ለእኛም ለሐይቁም ይበጃል።

ፊሌቶውን በሎሚና በጨው አሽታችሁ አጥባችሁ በንጹሕ ጨርቅ አድርቁት። ውኃ ከያዘ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። ከሰሉ ነበልባሉ አልፎ ላዩ አመድ እስኪለብስ ታገሡ። ፍርግርጉን ዘይት ቀቡት፤ ዓሣውንም እንዲሁ። ካስቀመጣችሁት በኋላ አትነካኩት፤ የታችኛው ገጽ ሲበስል ራሱ ይለቃል፣ ያን ጊዜ አንዴ ብቻ ገልብጡት። ከሰል ከሌለ በመጥበሻ ይሆናል፤ ዘይቱ በደንብ ይጋል፣ ዓሣው አይደራረብ።

ማባያው ሦስት ነበር።

የመጀመሪያው የእናቴ ሰናፍጭ ነው። ሰናፍጩ ተለቅሞ ይፈጫል፤ በቀዝቃዛ ውኃ ይለወስና ተከድኖ ይቆያል። የፈላ ውኃ አታድርጉበት፣ ኃይሉን ይገድለዋል። ለማዕድ ሲቀርብ ጨው፣ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት፣ ጥቂት ዘይትና ሎሚ ይጨመርበታል።

ሁለተኛው የልጁ ሶስ ነው፤ ግን በእኛ ቤት ዕቃ ተሠራ። አንድ ራስ ቀይ ሽንኩርት ደቆ በዘይት ይቁላላል፤ አራት የበሰሉ ቲማቲሞች ተልጠው ይገቡበታል፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፣ ሁለት ማንኪያ አቼቶና አንድ ማንኪያ ማር ተጨምሮ እስኪወፍር ይንተከተካል። በስኳር ምትክ ማር ያልኩት እኔ ነኝ፤ ማርማ ለእናቴም እንግዳ አይደለም።

ሦስተኛው ምንም የማይከብዳቸው ሰዎች ማባያ ነው፤ ሎሚና ሚጥሚጣ።

ከጎን የቃሪያ ስንግ አቀረብን። ልጁ ደግሞ ጥቅል ጎመንና ካሮት አድቅቆ በሎሚና በጨው አሸው፤ እነሱ አገር ዳቦው ውስጥ ከሥጋው ጋር ይገባል አለን። ከትኩስ ዓሣ ጋር ሲነከስ እየተንኮሻኮሸ ያጠግባል፤ ወድጄዋለሁ። ፉርኖ ዳቦ በአንድ ትሪ፣ እንጀራ በሌላ ትሪ ተቀመጠ።

ባለቤቴ በእንጀራ በላ። ልጆቼ ገና ሳይቀመጡ ዳቦውን ከፈሉ። እናቴ ግን አልበላችም፤ ከፊሌቶው አንዱን አንስታ በጣቶቿ ትፈታተግ ጀመር። መስመር በመስመር ዳበሰችው። አንዲት ቀጭን አጥንት አገኘችና ከትሪው ጠርዝ ላይ አስቀመጠቻት። ከዚያ በእንጀራ ጠቅልላ፣ ሰናፍጭ ነክራ፣ «ፈትሼዋለሁ፤ አይዞህ» አለችው።

አፉን ከፈተ። ሰናፍጩ አፍንጫው ድረስ ወጥቶ ዓይኑን እንባ ሞላው፤ ሁላችንም ሳቅን። ለሁለተኛው ጉርሻ ግን ራሱ ነው ጠጋ ያለው።

ኋላ የዘጌ ቡና ሲፈላ እናቴ የልጁን ሶስ በትንሽ ጣቷ ጫፍ ቀመሰች። ሁላችንም ዓይን ዓይኗን አየን። «ክፉ አይደለም» አለች፤ «ማሩን ግን ቀንሱት።»

ውድ አንባቢያን፣ በበዓልም በዘመድ መምጣትም ቤታችሁ እንዲህ ያለ ነገር ይገጥማችሁ ይሆናል። ልጅ የቀረበለትን አልበላም ሲል ንቀት ነው ብላችሁ ከመፍረዳችሁ በፊት አንዴ ጠይቁት። ዓሣውን ለሁሉም አንድ አድርጋችሁ ጥበሱ፤ ማባያውን ለየሰዉ ተዉለት። አጥንቱን ግን ትልቅ ሰው ይፈትሽ።

መልካም እሑድ ይሁንላችሁ።